መንትዮቹ ከተሞች (ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል) ውስጥ ወደ ሥራ ለመሄድ፦ ባቡር፣ ፈጣን አውቶቡስ፣ የክፍያ ሌን ወይስ የራስ መኪና?

ሚኒሶታ ውስጥ ሁለት የከተማ ባቡር መስመሮች አሉ፤ ዋጋቸው አንድ፣ ፉርጎዎቻቸውም ተመሳሳይ ናቸው። ግሪን ላይን ከሴንት ፖል መሀል እስከ ሚኒያፖሊስ መሀል ያለውን 11 ማይል ለመጨረስ ወደ 50 ደቂቃ ይጠጋል። ብሉ ላይን ሞል ኦፍ አሜሪካ ከሚባለው የገበያ አዳራሽ ተነስቶ ወደዚያው መሀል ከተማ 12 ማይል ይሄዳል፤ መንገዱ በአንድ ማይል ቢረዝምም 40 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ምክንያቱ ከሐዲዱ ሥር ያለው መሬት ነው። ብሉ ላይን ከመሀል ከተማ ሲወጣ በሃያዋታ ጎዳና (ሀይዌይ 55) ጎን የራሱን መንገድ ይዞ ይሄዳል፤ መስቀለኛው ላይ ሲደርስ አግዳሚው ወርዶ መኪናውን ያስቆምለታል። ግሪን ላይን ግን በዩኒቨርሲቲ ጎዳና መሀል ለመሀል ስለሚሄድ ቀይ መብራት ሲይዘው እንደ መኪናው ቆሞ ይጠብቃል።

እንግዲህ መጓጓዣ ስትመርጡ ከተሽከርካሪው በፊት የሚሄድበትን መንገድ እዩ። ለብቻው ነው ወይስ ከመኪና ጋር ይጋፋል? በረዶ ሲሞላው ወይም ሲዘጋ የሚጠየቀው ማን ነው? መልሱ በየጥቂት ማይሉ ይቀያየራል። ሰው ተናዶ ስልክ የሚደውልለት መሥሪያ ቤትም ብዙ ጊዜ ነገሩ የማይመለከተው ሆኖ ይገኛል። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መንገዱ የማን ነው?

ሀይዌዮቹ የስቴቱ ናቸው። በ1976 የተቋቋመው የሚኒሶታ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት፣ ነዋሪው በአጭሩ «ሚንዶት» የሚለው፣ ኢንተርስቴቶቹን (ስቴት ከስቴት የሚያገናኙትን ሀይዌዮች)፣ የዩኤስ ቁጥር ያላቸውን መንገዶችና የስቴት ሀይዌዮችን ያስተዳድራል፤ በድምሩ ወደ 12,000 ማይል ይሆናሉ። ብዙ ይመስላል፣ ግን ስቴቱ ውስጥ ካለው መንገድ አንድ አሥረኛው እንኳ አይሞላም። የቀረው የካውንቲ፣ የከተማና የታውንሺፕ (የገጠር ትንሽ አስተዳደር) ነው።

አውቶቡስና ባቡር የሌላ ቤት ልጆች ናቸው። በ1967 የተቋቋመው ሜትሮፖሊታን ካውንስል በመንትዮቹ ከተሞች ዙሪያ ያሉትን ሰባት ካውንቲዎች ይሸፍናል፤ 17 አባላቱን ሕዝብ አይመርጣቸውም፣ ገዥው ነው የሚሾማቸው። ሜትሮ ትራንዚት የሚባለው የዚህ ካውንስል ክንፍ ነው። አንዳንድ ዳር ከተሞች ደግሞ የራሳቸውን አውቶቡስ ያስኬዳሉ፦ በርንስቪል፣ ኢገንና አፕል ቫሊ በሚኒሶታ ቫሊ ትራንዚት፣ ኤደን ፕሬሪና ቻስካ በሳውዝዌስት ትራንዚት፤ ሜፕል ግሮቭና ፕሊመዝም የየራሳቸው አላቸው። ለተሳፋሪ ደስ የሚለው «ጎ-ቱ» የሚባለው ካርድ በሁሉም መሥራቱ ነው። ደስ የማይለው የእያንዳንዳቸው መርሐ ግብርና የቅሬታ ስልክ መለያየቱ ነው።

ገንዘቡም በየፊናው ነው። ነዳጅ ስትቀዱ የምትከፍሉት የስቴት ታክስ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ለመንገድ ብቻ ይውላል፤ ለአውቶቡስ ሳንቲም አይደርሰውም። ከመንገድ ፈንዱ 95 በመቶው 62 እጅ ለስቴት ሀይዌይ፣ 29 እጅ ለካውንቲ፣ 9 እጅ ለከተሞች ተብሎ ይከፋፈላል። ከመኪና ሽያጭ ታክስ ግን፣ ሕዝቡ በ2006 ድምፅ ሰጥቶ ባጸደቀው ማሻሻያ፣ ቢያንስ 40 በመቶው ለሕዝብ ትራንስፖርት ነው። ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ደግሞ በሰባቱ ካውንቲዎች ውስጥ ታክስ የሚከፈልበት ዕቃ በገዛችሁ ቁጥር 0.75 በመቶ ለትራንስፖርት ይቆረጣል። መኪና ኖራችሁም አልኖራችሁም ለአውቶቡሱ እየከፈላችሁ ነውና ሂሳባችሁን ስትሠሩ ይህን አትርሱ።

ባቡሩ

ባቡር የሚያዋጣው ቤታችሁም ሥራችሁም ከጣቢያ ከአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ በላይ ሳይርቁ ነው። ሌላ አውቶቡስ ከተጨመረበት ጥቅሙ ይሟሟል።

ብዙ ምሥራቅ አፍሪካውያን የሚኖሩበት የሚኒያፖሊስ ሰፈር ሲዳር-ሪቨርሳይድ ሁለቱንም መስመር በእግር ያገኛል፤ አዲስ መጪ ግን ጣቢያዎቹን ያምታታል። ሲዳር-ሪቨርሳይድ የሚለው ጣቢያ የብሉ ላይን ነው፤ ለኤርፖርት፣ ለብሉሚንግተን፣ ለሞል ኦፍ አሜሪካ ይሆናል። ዌስት ባንክ የሚለው የግሪን ላይን ነው፤ ለዩኒቨርሲቲው፣ ለሚድዌይና ለሴንት ፖል ይሆናል። በተሳሳተው ከገባችሁ እስከ መሀል ከተማ ሄዳችሁ መቀየር ነው፤ በክረምት ጠዋት ሃያ ደቂቃ ማጣት ማለት ነው።

ኤርፖርት ለሚሠራ ብሉ ላይንን የሚያህል አማራጭ የለም። በተርሚናል 1ና በተርሚናል 2 መካከል ያለው ጉዞም ነጻ ነው። መኪና አቁሞ በባቡር መሄድ የሚፈልግ ሞል ኦፍ አሜሪካ ላይ ማቆም የለበትም፤ የገበያ አዳራሹ ፓርኪንግ ለሥራ ተመላላሽ አልተፈቀደም። ከዚያ በፊት ያለው የ28ኛ አቬኑ ጣቢያ ለዚሁ የተሠራ ነጻ ፓርኪንግ አለው። ይህ ግን የቀን ነው። አዲስ አበባ ደርሼ እስክመለስ መኪናዬን ልተውበት ያለ ሰው ሲመለስ መኪናውን ተጎትቶ ሊያገኘው ይችላል።

ሁለት ነገር ያበላሸዋል። አንደኛው፣ ሚኒያፖሊስ መሀል ከዩኤስ ባንክ ስታዲየም እስከ ታርጌት ፊልድ ያሉትን አምስት ጣቢያዎች ሁለቱም መስመሮች በአንድ ሐዲድ ይጋራሉ። እዚያ አንድ ባቡር ከቆመ ሁለቱም ይታሰራሉ፤ ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ የቀጥታ መረጃውን እዩ። ሁለተኛው ክፍያ ነው። ካርዱን የምታስነኩት ሳትሳፈሩ፣ መድረኩ ላይ ባለው ማንበቢያ ነው፤ ውስጥ መክፈያ የለም። በር ላይ የሚጠይቅ ስለሌለ ነጻ የሚመስላቸው አሉ። ከ2024 ጀምሮ ግን ተቆጣጣሪዎች ፉርጎ ውስጥ እየተዘዋወሩ ያያሉ፤ የመጀመሪያው ቅጣት 35 ዶላር ነው፣ ሲደጋገም ይጨምራል።

ግሪን ላይን ወደ ኤደን ፕሬሪ በ14.5 ማይልና በ16 ጣቢያዎች እየተራዘመ ነው፤ የተያዘለት ዓመት 2027 ነው። ቀኑ ብዙ ጊዜ የተገፋ ፕሮጀክት ስለሆነ ባቡሩ ሳይንቀሳቀስ በእሱ ተማምናችሁ ቤት አትከራዩ። የኖርዝስታርን ነገር ያየ ይህን አይረሳም። ከ2009 ጀምሮ ወደ ቢግ ሌክ ይመላለስ የነበረው ያ ባቡር በዕቃ ባቡር ኩባንያ ሐዲድ ላይ ነበር የሚሄደው፤ እንደልቡ ምልልስ መጨመር አይችልም ነበር። ከኮቪድ በኋላ ተሳፋሪው ሳይመለስ ቀርቶ በጃንዋሪ 2026 መጀመሪያ ላይ ቆመ፤ አሁን በቦታው ያለው አውቶቡስ ነው።

ፈጣን አውቶቡስ፦ ፊደልና ቀለም

እዚህ ላይ ስም ያታልላል። በፊደል የሚጠሩት (ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ላይን) በአብዛኛው ከመኪና ጋር በአንድ ጎዳና ነው የሚሄዱት። በቀለም የሚጠሩት (ኦሬንጅ፣ ጎልድ) ግን በሀይዌይ ወይም በራሳቸው ሌን ነው የሚሄዱት። ሁለቱም «ፈጣን» ይባላሉ፣ ፍጥነታቸው ግን ከየት እንደሚመጣ ለየቅል ነው።

የፊደሎቹ ጊዜ የሚተርፈው ፌርማታ ላይ ነው። ፌርማታዎቹ ከተራው አውቶቡስ የበለጠ ይራራቃሉ፣ ክፍያው ከመሳፈር በፊት ነው፣ በሁሉም በር ይገባል፣ መድረኩም ከፍ ስላለ የሕፃን ጋሪም ዊልቸርም ሳይጉላላ ይገባል። በ2016 የጀመረው ኤ ላይን ከሮዝዴል በስኔሊንግ ጎዳና ወርዶ 46ኛ ስትሪት ላይ ከብሉ ላይን ይገናኛል። ከሚድዌይ ወደ ኤርፖርት የሚሄድ ሰው በግሪን ላይን መሀል ከተማን ዞሮ ከሚመጣ ይልቅ በዚህ ቢሄድ ይሻለዋል። ሲ (2019) እና ዲ (2022) ከብሩክሊን ሴንተር ይነሳሉ፤ ዲ ላይን ሰሜን ሚኒያፖሊስንና መሀል ከተማን አቋርጦ እስከ ሞል ኦፍ አሜሪካ ይዘልቃል። በ2025 ቢ ላይን በሌክ ስትሪት ጀመረ፤ በዓመቱ መጨረሻ ኢ ላይን ተከተለ።

የተለመደው ስህተት አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ የገንዘብ ሣጥን መፈለግ ነው። በእነዚህ ላይ የለም። ጥሬ ገንዘብ የያዘ ፌርማታው ላይ ካለው ማሽን ቲኬት ይቁረጥ። ተራው አውቶቡስ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በፊት በር ትገባላችሁ፣ ሣጥኑ ገንዘብ ይቀበላል፣ መልስ ግን አይሰጥም።

ኦሬንጅ ላይን (ከ2021 መጨረሻ) ከሚኒያፖሊስ መሀል እስከ በርንስቪል በ35ደብልዩ ሀይዌይ ይሄዳል፤ መኪናው ሲታሰር እሱ በክፍያ ሌኑ (ከታች በምናየው ኢ-ዚፓስ) ያልፋል። የሌክ ስትሪትና የ46ኛ ስትሪት ፌርማታዎቹ ሀይዌዩ መሀል ስለሆኑ ከመንገዱ ወደ ፌርማታው የሚደረሰው በደረጃ ወይም በአሳንሰር ነው፤ ለዚህ ሦስትና አራት ደቂቃ ያዙ። ጎልድ ላይን በማርች 2025 የተከፈተ ሲሆን ሴንት ፖልን ከዉድበሪ ያገናኛል፤ 10 ማይል ከሚሆነው መንገዱ አብዛኛው ለአውቶቡስ ብቻ የተሠራ ነው። ከምሥራቅ በኩል ለሚመጣ ከፊደሎቹ ሁሉ እሱን እናስቀድማለን።

በመንገዱ ትከሻ የሚሄደው አውቶቡስ

ይህ መንትዮቹ ከተሞች በአሜሪካ የሚታወቁበት ዘዴ ነው። ሀይዌዩ ሲጨናነቅ አውቶቡስ ለድንገተኛ ማቆሚያ የተተወውን የመንገድ ትከሻ ይዞ ያልፋል። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ሚንዶትና የአውቶቡስ ድርጅቶቹ ተስማምተው ያስፋፉት ሲሆን አሁን ከ300 ማይል በላይ ደርሷል። ሕጉ ጥብቅ ነው፦ ሹፌሩ ወደ ትከሻው የሚገባው ትራፊኩ በሰዓት ከ35 ማይል በታች ሲወርድ ነው፤ ከጎኑ ካለው መኪና ከ15 ማይል በላይ መፍጠን አይችልም፤ ምንጊዜም ከ35 አያልፍም። ትራፊኩ ከቆመ አውቶቡሱ በ15 ይሄዳል ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ቆመው የሚያዩት ሰዎች ግን ልዩነቱን ያውቁታል።

መቼ አይሠራም? ከባድ በረዶ በወረደ ማግስት። ጠራጊው መጀመሪያ የሚያጸዳው ዋናውን ሌን ነው፣ የተገፋው በረዶ ትከሻው ላይ ይከመራል። በዚያ ቀን የዳር ከተማ ኤክስፕረስ አውቶቡስ ከመኪና አይሻልም። ሌላው ድክመቱ ሰዓቱ ነው፤ አብዛኛው ጠዋት ወደ መሀል ከተማ፣ ማታ ወደ ዳር ብቻ ይሄዳል። ሻኮፒ መጋዘን ውስጥ ከሰዓት ገብቶ እኩለ ሌሊት ለሚወጣ ሰው ይህ አውቶቡስ የለም ብሎ ማሰብ ይቀላል።

ኢ-ዚፓስ ሌን

የክፍያ ሌኑ በ2005 በ394 ሀይዌይ ላይ ሲጀመር «ሚን-ፓስ» ይባል ነበር፤ በ2021 ስሙ ኢ-ዚፓስ ሆነ። አሁን በ394፣ በ35ደብልዩና በ35ኢ ላይ ይገኛል። አሠራሩን ብዙ ሰው የሚያስበው በአሜሪካ ምሥራቅ እንዳለው የቶል (ሙሉ በሙሉ የሚከፈልበት) መንገድ ነው፤ አይደለም። መንገዱ ነጻ ነው፣ የሚከፈለው በሥራ ቀናት፣ በመጨናነቂያ ሰዓት፣ በግራ በኩል ላለው አንድ ሌን ብቻ ነው። ዋጋው እንደ ትራፊኩ ከ25 ሳንቲም እስከ 8 ዶላር ይዋዥቃል። ስትገቡ ሰሌዳው ላይ ያያችሁት ዋጋ ነው የሚቆረጠው፤ ከገባችሁ በኋላ ቢጨምር አይመለከታችሁም።

ሁለት ሰው ከሆናችሁ በነጻ ታልፋላችሁ፤ ወንበሩ ላይ የታሰረ ሕፃንም ሰው ነው፣ ይቆጠራል። ሞተር ብስክሌትም ነጻ ነው። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው፦ መስተዋቱ ላይ የሚለጠፈው ስስ ታግ (ክፍያውን የሚያስቆርጠው መሣሪያ) አይጠፋም። ባልና ሚስት አብረው እየሄዱም ይቆርጣል። አንዳንድ ቀን ብቻችሁን፣ አንዳንድ ቀን ከሰው ጋር የምትሄዱ ከሆነ በእጅ የሚቀየረውን ታግ ውሰዱ። ሁልጊዜ ሁለት ሆናችሁ ለምትሄዱ ደግሞ ታግ ጨርሶ አያስፈልጋችሁም። ታጉ ኢሊኖይን ጨምሮ ሌሎች የኢ-ዚፓስ ስቴቶች ውስጥም ይሠራል፤ ቺካጎ ለሚመላለስ ይህ ብቻውን ያዋጣዋል።

ቁጥጥሩ በስቴት ፓትሮል ዓይን ነው። ድርብ ነጭ መስመር ያለበትን ቦታ አቋርጦ መግባት ብቻውን ያስቀጣል፤ መግቢያው የተቆራረጠው መስመር ላይ ነው።

የራስ መኪና

ብቻውን የሚነዳ ሰው ሀይዌይ መግቢያ ላይ አረንጓዴና ቀይ የሚለው መብራት ጠላቱ ይመስለዋል። በ2000 የስቴቱ ምክር ቤትም እንዲሁ አስቦ ወደ 430 የሚሆኑትን የመግቢያ መብራቶች ለስድስት ሳምንት ያህል አስጠፋ። ውጤቱ ተለካ፦ ሀይዌዩ የሚያሳልፈው መኪና በ9 በመቶ ቀነሰ፣ የጉዞ ጊዜ በ22 በመቶ ረዘመ፣ ግጭት በ26 በመቶ ጨመረ። መብራቱ ተመለሰ፣ ግን መግቢያ ላይ የሚጠበቀው ከአራት ደቂቃ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ስለዚህ መብራቱን ሸሽቶ በሰፈር ውስጥ የሚዞር ሰው የሚያተርፈው ብዙም አይደለም።

መኪና ያለ ጥርጥር የሚያሸንፍበት ቦታ አለ፦ የሌሊት ሺፍት፣ ሁለት ሥራ፣ ልጅ ከመዋያ ማውጣት፣ ከዳር ከተማ ወደ ሌላ ዳር ከተማ። አውቶቡሱ የተሠራው መሀል ከተማን ማዕከል አድርጎ ነው፤ ከበርንስቪል ወደ ብሩክሊን ፓርክ በአውቶቡስ መመላለስ ቀኑን ይበላዋል።

ሂሳቡ

ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የሜትሮ ትራንዚት ዋጋ ቀላል ሆኗል፦ ባቡርም፣ አውቶቡስም፣ ኤክስፕረስም በማንኛውም ሰዓት 2 ዶላር፤ ለወጣቶች፣ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች 1 ዶላር። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ በትራንዚት ድጋፍ ፕሮግራሙ ተመዝግበው በ1 ዶላር ይሄዳሉ። አንድ ክፍያ ለሁለት ሰዓት ተኩል ያገለግላል፣ መመለሻም ይሆናል፤ ገበያ ሄዶ በሁለት ሰዓት ውስጥ የተመለሰ የከፈለው 2 ዶላር ብቻ ነው።

በወር 21 ቀን የሚሠራ፣ ቤቱ ከሥራው 12 ማይል የሚርቅ ሰው እንውሰድ። በአውቶቡስ 84 ዶላር ነው። በመኪና፣ የፌደራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት ለ2025 ያወጣውን የ70 ሳንቲም በማይል ተመን ከያዝን፣ በቀን 16.80፣ በወር 352.80 ይመጣል፤ ፓርኪንግ ሳይጨመር። ጠዋት ጠዋት 3 ዶላር ለኢ-ዚፓስ ቢከፍል 63 ዶላር ይደረብበታል። «መኪናው እንደሆነ አለ፣ ኢንሹራንሱም ይከፈላል» የሚል ካለ ልክ ነው፤ ትርፉ የሚታየው ሁለተኛውን መኪና የተወ ቤተሰብ ላይ ነው። አሠሪያችሁ ከታክስ በፊት ለትራንስፖርት የሚቆርጥ ከሆነም ጠይቁ፤ የ2025 ጣሪያው በወር 325 ዶላር ነበር።

ከሰባቱ ካውንቲ ውጭ

ስቴቱ 87 ካውንቲ አለው፤ በ80ዎቹ ሜትሮ ትራንዚት የለም። ሮቸስተርና ዱሉዝ የከተማ አውቶቡስ አላቸው። ገጠሩ በአብዛኛው ቀድሞ ተደውሎ በሚያዝ ሚኒባስ ነው የሚገለገለው፤ ገንዘቡን የሚያከፋፍለው ሚንዶት ነው፣ ቀጠሮ የሚይዘው ግን የአካባቢው ድርጅት። ወደ ቺካጎ ከሜይ 2024 ጀምሮ ቦሪያሊስ የሚባል ሁለተኛ ዕለታዊ ባቡር ከሴንት ፖል ዩኒየን ዴፖ ይነሳል።

በረዶና ጉድጓድ

መኪና ያለው ሰው ከፓርኪንግ ሕግ አያመልጥም፣ ሁለቱ ከተሞች ደግሞ ሕጋቸው አይመሳሰልም። ሚኒያፖሊስ የበረዶ አዋጅ ስታውጅ ሦስት ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት የበረዶ መንገድ የሚል ምልክት ባላቸው ጎዳናዎች በሁለቱም በኩል ማቆም ክልክል ነው። በሁለተኛው ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ምልክት በሌላቸው ጎዳናዎች የቤት ቁጥሩ ሙሉ (ለሁለት የሚካፈል) በሆነበት በኩል፤ በሦስተኛው በዚያው ሰዓት ጎዶሎ ቁጥር ባለበት በኩል። ሴንት ፖል ሁለት ዙር ብቻ አላት፦ የሌሊቱ ከምሽቱ 3 እስከ ንጋቱ 12፣ የቀኑ ከጠዋቱ 2 እስከ 11 ሰዓት። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የከተማው መልእክት ሲመጣ 9 ፒኤም የሚለውን 3 ሰዓት በሉት።

ጉድጓድ ጎማ ሲሰብርባችሁ መጀመሪያ የመንገዱን ምልክት ፎቶ አንሱ። ቀይና ሰማያዊ ጋሻ ኢንተርስቴት ነው፣ ጥቁርና ነጭ ጋሻ የዩኤስ መንገድ ነው፤ ሁለቱም ወደ ሚንዶት ይሄዳሉ። ባለ አምስት ማዕዘን ሰማያዊ ምልክት የካውንቲ ነው። ቁጥር የሌለው ጎዳና አብዛኛውን ጊዜ የከተማው ነው፤ ሚኒያፖሊስ ውስጥ 311 ይደወላል። የካሳ ጥያቄ ጉዳቱን ካወቃችሁበት ቀን አንስቶ በ180 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መድረስ አለበት። መንገዱን የያዘው አካል ጉድጓዱ እንዳለ አስቀድሞ ያላወቀ እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም። ስለዚህ በየቀኑ የምታልፉበትን ጉድጓድ ጎማችሁ ሳይገባበት አስመዝግቡት፤ የተመዘገበበት ቀንና ቁጥር እጃችሁ ላይ ይቆይ።